የሐና ታናሽ መደረቢያ



ባለፈው ክረምት በሕፃናቱ ክፍል አሠርቱ ትእዛዛትን ስናስተምር ያጋጠመንን አንድ ነገር በማንሣት እንጀምራለን። ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱም ከቅዳሴ በኋላ ነበር። አባትንና እናትን ስለ ማክበር የሚናገረውን ትእዛዝ አስረድተን ስንጨርስ እንደ ልማዳችን፣ «ጥያቄ ያለው አለ?» አልን። ዕድሜው ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆን አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ አባቴ ሲጠጣ እናቴንም እኔንም ይመታናል። እሱንም ላክብረው?» ሲል ጠየቀ።

ከመካከላችን አንዱ ቸኩሎ፣ «አዎን፤ ትእዛዝ ስለ ሆነ ታከብረዋለህ» አለው። ሌሎቻችን ዝም አልን። ልጁም ምንም ሳይመልስ አንገቱን ደፋ። መዝሙር አስዘምረን አሰናበትናቸው። ወደየቤታችን ስንመለስ ግን አንዳችንም የልጁን ጥያቄ ከልባችን ልናወጣው አልቻልንም። የሰጠነው መልስ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን እንጀራ ለለመነን ልጅ ድንጋይ እንደ ሰጠነው ሆኖ ተሰማን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ የቆየነውን የያዘ ነው። ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልጅን ከሚጎዳው የወላጅ ቤት አውጥቶ በሌላ ቤት ማሳደግ የማክበርን ትእዛዝ ማፍረስ ነውን? ሁለተኛ፣ ማፍረስ ካልሆነ፣ ያ ሌላው ቤት በእግዚአብሔር ስም የቆመ ቤት ሲሆን ለልጁ ምን ሊሆንለት ይገባል? መልስ ስንፈልግ ዓይናችን ወደ አይሁድ ሕዝብ ሄደ። ምክንያቱም ይህ ትእዛዝ በደብረ ሲና አስቀድሞ የተሰጠው ለእነርሱ ነው፤ ከዚህም ሌላ ሥርዓተ ሃይማኖታቸውን የሚጠብቁ የሕፃናት ማሳደጊያዎችን በማቋቋም ረዥም ልምድ አላቸው።

በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ ረቢ ይሆሹዋ ሌብ ዲስኪን የተባሉ የታወቁ ሊቅ በኢየሩሳሌም ለሙት ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። በዚያን ዘመን ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚገባው በተለይ ሞት ወላጆቹን የነጠቀው ልጅ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1949 በዚያው በኢየሩሳሌም «ባይት ለፕሌጦት» የተባለ የሴቶች ልጆች ማሳደጊያ ተከፈተ። ስሙ በዕብራይስጥ ለስደተኛ ልጃገረዶች የሚሆን ቤት ማለት ነው። መጀመሪያ የተቀበለውም ናዚዎች ቤተሰቦቻቸውን የፈጁባቸውን ልጆች ነበር። ዓመታት ሲያልፉ የጦርነቱ ልጆች አድገው ወጡ፤ አልጋዎቹ ግን ባዶ አልቀሩም። ሌሎች ልጆች መጡባቸው። የእነዚህኞቹ ወላጆች አልሞቱም። ቤታቸው ግን በመጠጥ፣ በአደንዛዥ ዕፅ፣ በአእምሮ ሕመም፣ በድብደባ ወይም በከፋ ድህነት ፈርሶባቸዋል።

እስቲ በዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። አባትና እናቱ የሞቱበትን ልጅ በቋንቋችን «የሙት ልጅ» እንለዋለን፤ ሰው ሁሉ ያዝንለታል፤ እንጀራ ያጎርሰዋል። ወላጆቹ በሕይወት እያሉ ቤት ያጣውን ልጅ ግን የምንጠራበት ቃል እንኳ የለንም። እንዲያውም «ገበናህን ሸፍን» እንለዋለን። የሙት ልጅ በግልጽ ያለቅሳል፤ ይኸኛው ግን ልቅሶው ራሱ ነውር ይሆንበታል። በእስራኤል አገር እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የወጣቶች እንክብካቤና ቁጥጥር ሕግ የደረሰው ለእንዲህ ያለው ልጅ ነው። ልጁ በቤቱ አደጋ ላይ መሆኑ ሲረጋገጥ ፍርድ ቤት ከወላጆቹ ጥበቃ አውጥቶ በሌላ ቦታ እንዲያድግ ለማዘዝ ይችላል። ወላጆች ራሳቸው ተስማምተው ልጃቸውን የሚሰጡበት ጊዜም አለ።

ታዲያ ልጁ የሚሄድበት ቤት ምን ይመስላል? በናታንያ ከተማ ኤሙና የተባለው የሃይማኖተኛ ሴቶች ማኅበር የሚያስተዳድረው ቤት ኤላዝራኪ ከሚታወቁት አንዱ ነው። በአገሪቱ ባሉት በብዙዎቹ ማሳደጊያዎች የተለመደው አኗኗር እንዲህ ነው። አንድ ባልና ሚስት ከወለዷቸው ልጆች ጋር ሆነው ዐሥር ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያሉ ልጆችን በአንድ ቤት ያሳድጋሉ። ልጆቹ የሚበሉት ከእነርሱ ጋር ነው፤ ሲታመሙም የሚያስታምሟቸው እነርሱ ናቸው። ዓላማው ልጁ በትልቅ አዳራሽ በተደረደሩ አልጋዎች መካከል ቁጥር ሆኖ እንዳይቀር ነው።

ሃይማኖታዊ በሆነው ማሳደጊያ የሳምንቱ ዋና ነገር ሰንበት ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሻማ ይበራል፤ በወይኑ ጽዋ ላይ ይጸለያል፤ ሁለት ሙሉ ዳቦ በማዕዱ ላይ ይቀርባል። ዛሬ ይበላ ይሆን ወይስ ይደበደብ ይሆን እያለ ላደገ ልጅ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሳይዛነፍ ያው ማዕድ፣ ያው ዜማ፣ ያው ወንበር መጠበቁ ትልቅ መድኃኒት ነው። ሥርዓት ለእኛ አንዳንድ ጊዜ ይከብደናል፤ ነገ የማይታወቅበት ቤት የወጣ ልጅ ግን ሥርዓትን እንደ ግድግዳ ይደገፈዋል። የሃይማኖት ቤት ለተጎዳ ልጅ ሊሰጠው የሚችለው የመጀመሪያው ስጦታ ይህ ይመስለናል።

ነገር ግን በዚያው ማዕድ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በአይሁድ ልማድ በሰንበት ዋዜማ አባት እጁን በልጆቹ ራስ ላይ ጭኖ ይባርካቸዋል። በማሳደጊያው ያለውን ልጅ ማን ይባርከው? የቤቱ አሳዳጊ እጁን ቢጭንበት ልጁ፣ «አባቴ ግን የት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ባይጭንበት ደግሞ በአሳዳጊው ልጆችና በእርሱ መካከል ልዩነት ይሆናል። እንግዲህ የምንነጋገርበት ነገር በዚህ በአንድ እጅ ላይ ያለ ነው፤ ያ እጅ ልጁን ይባርከው ዘንድ ይገባል፤ ሆኖም የወላጁን ቦታ የራሱ አድርጎ ሊይዝ አይገባም።

የአይሁድ ሊቃውንት ስለ መጀመሪያው ጥያቄያችን ምን እንዳሉ ስንመለከት ከጠበቅነው የተለየ ነገር አገኘን። በ12ኛው ምዕት ዓመት በግብፅ ይኖሩ የነበሩት ሐኪምና የሕግ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ በሕግ መጽሐፋቸው ልጅ ወላጁን እንዴት እንደሚያከብር በሰፊው ከጻፉ በኋላ ፊታቸውን ወደ አባት ይመልሳሉ። አባት በልጆቹ ላይ ቀንበር ማክበድ እንደማይፈቀድለት፣ ክብሩን አጥብቆ በመፈለግ ልጆቹን ማሰናከል እንደሌለበት፣ ይቅር ማለትና አይቶ እንዳላየ ማለፍ እንደሚገባው ያስተምራሉ። ያደገ ልጁን የሚመታ አባት እንዲወገዝ ይፈርዳሉ፤ ልጁ መልሶ እንዲመታ በመገፋፋት በፊቱ ማሰናከያ አኑሯልና። ይህ ለእኛም እንግዳ ትምህርት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ መጻፉን እናውቃለን። እኛ ግን የመጀመሪያውን ቃል ለሕፃናት ስናስተምር ሁለተኛውን ለአባቶች ስናስተምር አልታየንም።

ማይሞኒደስ ቀጥለው አእምሮው ስለ ታወከ ወላጅ ይናገራሉ። ልጁ በሚችለው መጠን ይታገሠው፤ የማይቻል ሲሆንበት ግን ትቶት ይሂድ፤ ሆኖም የሚገባውን እንክብካቤ የሚያደርጉለትን ሰዎች ያዝዝለት ይላሉ። በደቡብ ፈረንሳይ የነበሩት ረቢ አብርሃም ቤን ዳዊድ ይህን ፍርድ ተቃወሙ፤ ልጅ ትቶ ከሄደ ሌላ ማን ሊጠብቀው ነው ሲሉ ሞገቱ። ሁለቱ ሊቃውንት የተከራከሩት ስላደገ ልጅና ስለ ታመመ ወላጅ እንጂ ስለ ዐሥር ዓመት ሕፃን አልነበረም። ነገር ግን ከክርክራቸው አንድ ቁም ነገር እንማራለን። መራቅና ማዋረድ አንድ አይደሉም። ሰው ከወላጁ ጣራ ሥር ወጥቶ ወላጁን በልቡ ሊያከብር ይችላል፤ በዚያው ጣራ ሥር እየኖረም ሊጠላው ይችላል። ያደገ ሰው እንኳ መሸሽ ከተፈቀደለት ሕፃን መሸሸጊያ ቢሰጠው ትእዛዙ አይፈርስም። እንዲያውም ልጁን ከድብደባ ማውጣት አባትየውን ከከፋ ኃጢአት ማዳን ነው እንላለን።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። በታልሙድ ላይ ሊቃውንቱ የሙት ልጅን በቤቱ የሚያሳድግ ሰው እንደ ወለደው ይቆጠርለታል ብለው አስተምረዋል። ለዚህም የሳኦልን ሴቶች ልጆች ሜሮብንና ሜልኮልን ይጠቅሳሉ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ልጆቹ በሜልኮል ስም ተጠርተው እናገኛለን፤ ሊቃውንቱም ሜሮብ ወለደቻቸው፣ ሜልኮል አሳደገቻቸው፣ ስለዚህ በስሟ ተጠሩ ብለው ተረጎሙት። አሳዳጊን የሚያከብር ድንቅ ትርጓሜ ነው። ሆኖም አሳዳጊዋን ሲያከብሩ ወላጂቱን ሜሮብን ከታሪኩ አልፋቋትም። የሁለቱም ስም ተነሥቷል።

ይህን መርሳት ምን እንደሚያስከትል ከአገራችን ልጆች ታሪክ እናያለን። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን መጠለያዎች ወደ እስራኤል ተወስደው ነበር። በጉዞውና በመጠለያው በሺህ የሚቆጠሩ ሞተዋል፤ ስለዚህ ወላጆቻቸውን በመንገድ ቀብረው ወይም በጎንደር ገጠር ትተው ብቻቸውን የደረሱ ልጆች ብዙ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ከተበላሸ ቤት የወጡ አልነበሩም፤ የለያያቸው ረኃብና ስደት ነው። ከወጣቶቹ አብዛኞቹ፣ ወላጆቻቸው አብረዋቸው የደረሱት ጭምር፣ ሃይማኖታዊ ወደ ሆኑ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ምግብ፣ ልብስ፣ ትምህርት አገኙ፤ ይህን መካድ ውለታ ማጥፋት ነው። ነገር ግን ለብዙዎቹ ገና እንደ ደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። አባቶቻቸው የሚያውቁት የጸሎት ሥርዓት በሌላ ተተካ፤ የመንግሥቱ ረቢዎች የቄሶቻቸውን ሥልጣን አልተቀበሉላቸውም።

በእኛ አገር ስም ማለት ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሞተ ወንድም ያለው ልጅ «ካሣ» ይባላል፤ ከኀዘን በኋላ የተወለደ «ማስረሻ» ይባላል። ስም ወላጅ በልጁ ላይ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን በቅን ልቦና ቢሆን እንኳ የቀደደ ሰው ልጁን ከወላጁ አንድ ጊዜ እንደ ገና ለየው። ልጁ በበዓል ወደ ቤቱ ሲመለስ ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ እየሳሳ፣ አባቱ የማያውቀውን ሕግ እያወቀ ሄደ። ይህ የደረሰው ወላጆቻቸው ምንም ባልበደሉ ልጆች ላይ ከሆነ፣ ወላጆቹ በፍርድ ቤት ጭምር ጥፋተኛ በተባሉት ልጅ ላይማ እንዴት አይብስ!

እስቲ አስቡት። በማሳደጊያው ሰንበትን ማክበር የተማረ ልጅ አንዳንድ ሰንበት ወላጆቹን ለመጠየቅ ይሄዳል። አባቱ በሰንበት ሲጋራ ያጨሳል። በማሳደጊያው ይህ ክልክል መሆኑን ተምሯል። ልጁ አባቱን ቀድሞ ይፈራው ነበር፤ አሁን ደግሞ ሊንቀው የሚችልበት ምክንያት አገኘ፤ ያውም በእግዚአብሔር ስም! ስለ ሃይማኖት ማሳደጊያዎች እጅግ የሚያሠጋን ነገር ይህ ነው። ፍርሃትን ወደ ንቀት የለወጠ ቤት ልጁን አልፈወሰውም። ጸሎቱም ቢሆን ልጁ የሚበላበት ዋጋ መሆን የለበትም። እንጀራ የሚሰጠው ለሚጸልይ ብቻ ከሆነ ልጁ የሚማረው እምነትን ሳይሆን ማስመሰልን ነው፤ ማስመሰልን ደግሞ በሰካራም አባት ቤት አስቀድሞ ተምሮታል።

ሌላም አደጋ አለ። በእግዚአብሔር ስም የቆመ ቤት በሰው አይጠየቅም የሚል አሳብ ነው። ይህን አሳብ በተግባር የነቀፉት በዋርሶ ከተማ የነበሩት አይሁዳዊው የሕፃናት ሐኪም ያኑሽ ኮርቻክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1912 በክሮህማልና መንገድ በተከፈተው የሙት ልጆች ቤታቸው ልጆች ዳኛ ሆነው የሚያስችሉበት ፍርድ ቤት አቋቁመው ነበር። የፍርድ ቤቱም ሕግ ከቅጣት ይልቅ ይቅርታን ያስቀድማል። ልጆች ጓደኛቸውን ብቻ ሳይሆን አሳዳጊያቸውንም ሊከሱ ይችሉ ነበር፤ ኮርቻክ ራሳቸውም በስድስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ በዚህ ፍርድ ቤት ፊት ቀርበዋል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን ላደግነው ለእኛ ይህ ቀልድ ይመስለናል። ነገር ግን ልጅ አቤት የሚልበት ከሌለው የሃይማኖት ቤትም ቢሆን ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንበታል። ኮርቻክ ግን ሥልጣናቸውን ለልጆች ስላካፈሉ ፍቅራቸው አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1942 ናዚዎች ወደ 200 የሚጠጉትን ልጆች ወደ ትሬብሊንካ ሲወስዷቸው፣ ሊያመልጡ የሚችሉበት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ እምቢ ብለው ከልጆቹ ጋር ሄደው ሞቱ።

ውድ እኅቶችና ወንድሞች፤ እነዚህን ሁሉ ስናሰላስል ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ወደምናውቀው ታሪክ ተመለስን። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደ ተጻፈው ሐና በስእለት ያገኘችውን ልጅዋን ሳሙኤልን ጡት ባስጣለችው ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ቤት አምጥታ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። ሐና በዳይ እናት አልነበረችም፤ ልጅዋን የሰጠችው በፍቅር ነው። ቢሆንም ልጁ ከወላጆቹ ርቆ በእግዚአብሔር ቤት አደገ። በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ሳሙኤል ያደገበት ቤት ቅዱስ ቢሆንም በውስጡ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ቅዱሳን አልነበሩም። የዔሊ ልጆች ሕዝቡን ይበድሉ ነበር፤ ዔሊም ወቀሳቸው እንጂ አልከለከላቸውም። ስለዚህ የቤቱ ስም ብቻ ለልጅ ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሐና በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት ነበር። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው አልፈነዋል። ልጅ በየዓመቱ ያድጋል፤ መደረቢያውም በየዓመቱ ይጠብበታል። እናቱ ሩቅ ሆና ቁመቱን በልቧ እየለካች ትሰፋለታለች ማለት ነው። ዔሊም «እኛ የክህነት ልብስ አልብሰነዋል፤ ያንቺ አያስፈልገውም» ብሎ አልመለሳትም። እንዲያውም እርስዋንና ባልዋን ባረካቸው።

እንግዲህ ለሁለተኛው ጥያቄያችን ያገኘነው መልስ ይህ ነው። የተጎዳን ልጅ የሚቀበል ቤት ለሐና መደረቢያ በሩን ክፍት ማድረግ አለበት። አንዳንዱ ወላጅ ልጁን ሊያሳድግ አይችልም፤ አንዳንዱን ያለ ጠባቂ ከልጁ ጋር ብቻውን መተው አደገኛ ነው፤ ይህን መካድ ሕፃኑን መበደል ነው። ሆኖም ከእንዲህ ያለውም ወላጅ እጅ አንዲት ትንሽ መደረቢያ አትጠፋም። እርስዋን ተቀብሎ ለልጁ መስጠት የአሳዳጊው ግዴታ ነው። ወላጁ ምንም ያላመጣ እንደ ሆነም፣ ልጁ ከእርሱ የተቀበለውን ስም፣ ቋንቋ፣ ትዝታ አለማራከስ ይቻላል። ልጅን ከቤቱ ማውጣት ያስፈልግ ይሆናል፤ ወላጁን ከልጁ ልብ ማውጣት ግን ለማንም አልተፈቀደም።

ስለዚያ ልጅ ሳንናገር ብንጨርስ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። ለሁለት እሑዶች ቀረ። በሦስተኛው ሲመጣ ለብቻው አቀረብነውና የሰጠንህ መልስ ጎዶሎ ነበር፣ ይቅር በለን አልነው። አባትን ማክበር ማለት ዱላውን መቀበል ማለት እንዳልሆነ፣ ሲመታም ሮጦ መውጣትና ለሰው መንገር ኃጢአት እንዳልሆነ ነገርነው። ልጁም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «አባቴ እኮ ክፉ አይደለም። ሳይጠጣ ሲመጣ ደብተሬን በጋዜጣ ይለብጥልኛል» አለን።

ከእናቱ ጋር ተነጋግረንና የቤተሰቡን የንስሐ አባት አማክረን አሁን ልጁ አያቱ ዘንድ ይኖራል። አባቱ መጠጡን አልተወም። አንዳንድ ቅዳሜ ሳይጠጣ የመጣ እንደ ሆነ አያትየው አስገብተው ቡና ያጠጡታል፤ ልጁም ደብተሩን ያመጣለታል። እኛም ከእንግዲህ ወዲህ ያን ትእዛዝ ስናስተምር ለአባቶች የተጻፈውንም አብረን ልናስተምር፣ በየክፍላችን አንገቱን የሚደፋ ልጅ ስናይም ገበና ነው ብለን ላናልፈው ቃል ገብተናል። እናንተም አብራችሁን ትሆኑ ዘንድ እንለምናለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።